የትንሹ ታንክ ቀለምና አቧራ

ከፋብሪካ ገና የወጣ ታንክ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም ነው። በረሃ ወይም ተራራ ላይ ጥቂት ወራት ሲቆይ ግን ያ አንድ ቀለም ብዙ ይሆናል። የላይኛው ገጽ በፀሐይ ይነጣል፤ ጎኑ ላይ ዝናብ ያወረደው እድፍ ይሰመራል፤ ታንከኞች የሚወጡበትና የሚወርዱበት ቦታ በጫማ ይፋቃል፤ ሰንሰለቱ የረገጠውን አፈር ይሸከማል። የሞዴል ታንክ ሠሪ ይህን ሁሉ ከአንድ ስንዝር ብዙ በማይበልጥ ፕላስቲክ ላይ ያሳያል። ሥራው መቀባትና ማስረጀት ተብሎ በሁለት ይከፈላል። መቀባቱ ታንኩ የየትኛው ሠራዊት እንደሆነ ይናገራል፤ ማስረጀቱ ደግሞ የት እንደዋለ፣ በምን ወቅት እንደዘመተና ምን ያህል እንደቆየ። ብዙ ጀማሪ ማስረጀት ማለት ማቆሸሽ ይመስለዋል። ነገር ግን ማስረጀት ማስረጃ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ እድፍ “ከየት መጣ?” ቢባል መልስ ሊኖረው ይገባል።

በሞዴል ታንኮች ዘንድ በጣም የተለመደው መጠን 1 ለ 35 ነው። የእውነተኛው ታንክ 35 ሴንቲሜትር በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩ አስቀድሞ የታሰበበት አልነበረም። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ አሻንጉሊት አድርጎ ሲያወጣ፣ ባትሪዎቹ ውስጡ እንዲገቡ ሲል የአካሉን ስፋት ወሰነ። ያ ስፋት ሲለካ ወደ 1 ለ 35 የቀረበ ሆነ፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉት። ከነመድፉ 9 ሜትር ያህል የሚረዝመውና 65 ቶን ገደማ የሚመዝነው የእስራኤል መርካቫ 4 በዚህ ልክ ሲሠራ ርዝመቱ 26 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ስሙ በዕብራይስጥ ሠረገላ ማለት ነው።

ለምሳሌ በደቡብ ምዕራብ ኢየሩሳሌም ዳርቻ ለሚገኘው የቂርያት መናሔም ሠፈር ነዋሪ የዚህ ሥራ መማሪያ ሩቅ አይደለም። ወደ ቴል አቪቭ የሚወስደውን 1 ቁጥር አውራ ጎዳና ይዞ ሲወርድ፣ ሻዓር ሃጋይ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ በ1948 ለተከበበችው ኢየሩሳሌም ምግብና መድኃኒት ያመላልሱ የነበሩ የብረት ለበስ መኪኖች ቅሪት ከመንገዱ ዳር ቆሞ ይታያል። መኪኖቹ የታጠቁት ብረት ጋራዥ ውስጥ የተሠራ ነበር፤ በሁለት ስስ የብረት ሉሆች መካከል እንጨት ይገባበት ስለነበር “ሳንድዊች” ይባሉ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ ላትሩን ይገኛል። በእንግሊዞች ዘመን የተሠራው የፖሊስ ምሽግ ዛሬ ያድ ላሺርዮን የተባለ የታንከኞች መታሰቢያና ሙዚየም ሲሆን፣ ከ100 በላይ ታንኮችና ብረት ለበሶች ሜዳው ላይ ቆመዋል፤ አንድ ሸርማን ታንክም ከግንብ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ ይታያል። ሞዴል ለሚሠራ ሰው የብረቱን ውፍረት፣ የብየዳውን መስመር፣ የብሎኑን አቀማመጥ በእጁ ዳስሶ የሚያይበት እንደዚህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ሁለቱም ቦታዎች ግን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በሻዓር ሃጋይ የሚታየው ቀይ ቡናማ ቀለም ዝገት ይመስላል፤ ብዙው ግን ብረቱን ከመበላት ለማዳን የተቀባ አንቲረስት ነው። በላትሩን ሜዳ ያሉት ታንኮችም እንደማንኛውም ውጭ የሚያድር የሙዚየም ብረት ለጥበቃ ሲባል በየጊዜው ይቀባሉ። ስለዚህ ለቅርጽ እንጂ ለቀለም ምስክር አይሆኑም። ለቀለም የሚታመነው በዘመቻው ጊዜ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ ባለ ቀለም ከሆነና በአንድ ቀን ብርሃን ብቻ ካልተፈረደበት።

ሥራው የሚጀምረው በውሃና በሳሙና ነው። ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ ተብሎ የተቀባው ቅባት ካልታጠበ ቀለም አይዝም። ከተገጣጠመ በኋላ ክፍተቱ በስቱኮ ይሞላል፤ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የኋለኞቹ የመርካቫ ዓይነቶች ላይኛው ገጽ ታንከኛውን እንዳያንሸራትተው ሻካራ ሽፋን ስላለው፣ ሞዴሉ ያንን ካልያዘ በጣም ረቂቅ አሸዋ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ልጥፍ በስሱ ይቀባል። ከዚያ ፕራይመር ይከተላል። ግራጫ ወይም ጥቁር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፕላስቲክ፣ ስቱኮና ብረት የተቀላቀሉበትን ገጽ አንድ ያደርጋል፤ ተደብቆ የቆየ ጭረት ካለም ያጋልጣል።

ዋናው ቀለም በኤርብረሽ ቢረጭ ይመረጣል፤ በብሩሽ መቀባት የሚቻል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀለሙ በራሱ ማቅጠኛ እንደ ወተት እስኪፈስ ይቀጥናል፤ የአየር ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር፣ ርቀቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይሆናል። አንድ ወፍራም ሽፋን የብሎኖቹን ራስ ስለሚውጥ ሦስት አራት ስስ ሽፋኖች ይሻላሉ።

የእስራኤል ታንኮች ቀለም በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ “የሲና ግራጫ” ይባላል፤ ለብዙ ክርክርም ምክንያት ሆኗል። ጠዋት አሸዋ ይመስላል፤ በጥላ ውስጥ አረንጓዴ የነካው ግራጫ ይሆናል፤ አቧራ ሲጠጣ ደግሞ ከሜዳው አይለይም። አንድ ትክክለኛ ጠርሙስ ፍለጋ ጊዜ ከማጥፋት ይልቅ ትንሽ ነገር ላይ ቀለም እንዴት እንደሚታይ መረዳት ይጠቅማል። እውነተኛ ታንክ ከ100 ሜትር ርቀት ሲታይ በመካከል ያለው አየር ቀለሙን ያነጣዋል። ሞዴሉ ከአንድ ክንድ ርቀት ስለሚታይ ይህ አየር የለም፤ የፋብሪካው ቀለም እንዳለ ቢቀባበት ከብዶና ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ዋናው ቀለም በጥቂት ነጭ ወይም አሸዋማ ቀለም ይነጣል። ፀሐይ የሚያገኘው ላይኛው ገጽ ይበልጥ ይነጣል፤ ከሥርና ከመገጣጠሚያው ውስጥ ይጠቁራል። ጥቁር ፕራይመር የተቀባ ከሆነ የየሉሁ መሃል ብቻ ሲረጭ ጠርዙ በራሱ ጥላ ይይዛል። ጎማዎቹም ንጹሕ ጥቁር አይቀቡም፤ አቧራ የነካው ጥቁር ግራጫ ይበቃቸዋል።

ምልክቶቹ የሚለጠፉት ከዚህ በኋላ ነው። በእስራኤል ታንኮች ጎን ላይ የሚታየው ነጭ የቀስት ጫፍ የሚመስል ምልክት አቅጣጫው ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን በመሆኑ ሻምበሉን ያመለክታል። በመድፉ አፈሙዝ ላይ የተቀቡት ነጭ ቀለበቶች በቁጥራቸው ሻለቃውን ይናገራሉ። ቁጥርና የዕብራይስጥ ፊደል አንድ ላይ ሲጻፉ ቁጥሩ መቶውን፣ ፊደሉ ደግሞ በመቶው ውስጥ ያለውን ታንክ ይለያሉ፤ በኋለኞቹ መርካቫዎች ይህ ጽሑፍ በሸራ ላይ ሆኖ ከታንኩ ራስ ላይ ይንጠለጠላል። በሞዴሉ ላይ እነዚህ በውሃ ተነክረው የሚለጠፉ ስስ ዲካሎች ናቸው። ሻካራ ገጽ ላይ ከተለጠፉ ከሥራቸው አየር ይታሰርና እንደ ብር ያብረቀርቃሉ፤ ማታለሉ ሁሉ እዚያ ላይ ይፈርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያብረቀርቅ ቬርኒስ ይቀባል፤ ዲካሉ ሲደርቅ በላዩ ሌላ ስስ ቬርኒስ ይከተላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚቆመው በአንድ የኬሚስትሪ ሕግ ላይ ነው፤ የላይኛው ሽፋን ማቅጠኛ የታችኛውን ሽፋን ማሟሟት የለበትም። አክሪሊክ ቀለም ከደረቀ በኋላ አኳራጅ አይነካውም፤ ስለዚህ በአክሪሊክ ላይ በኢናሜልና በሠዓሊ የዘይት ቀለም መሥራት ይቻላል፤ ያልወደዱትንም በአኳራጅ እርጥብ ብሩሽ መጥረግ ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን የብዙ ቀን ሥራ በአንድ ደቂቃ ይላጣል። ቲነር ደግሞ ከሁሉም የበረታ ስለሆነ አክሪሊኩንም ፕላስቲኩንም ይበላል። ትዕግሥትም የዚሁ ሕግ አካል ነው፤ አክሪሊክ በሰዓታት፣ ኢናሜል በአንድ ቀን፣ የዘይት ቀለም በብዙ ቀናት ይደርቃል።

ጭረትና ዝገት የጀማሪው ፈተና ናቸው። ቀለም የሚላጠው የሰው እጅና እግር፣ ቅርንጫፍና ድንጋይ በሚነካው ጠርዝ ላይ ነው፤ የመውጫ ክዳኖች ዙሪያ፣ መሣሪያ ማስቀመጫ ሳጥኖች፣ የጭቃ መከላከያ ጫፍ። ይህን ለማሳየት ከስፖንጅ ላይ ቁራጭ ተቀድዶ፣ ቀለም ውስጥ ተነክሮ፣ ወረቀት ላይ አብዛኛው ተራግፎ ጠርዙ ላይ በቀስታ ይነካካል። ሌላው ዘዴ የፀጉር ስፕሬይ ነው። መጀመሪያ የብረት ወይም የዝገት ቀለም ይቀባል፤ በላዩ የፀጉር ስፕሬይ ይረጫል፤ ከዚያ ዋናው አክሪሊክ ቀለም። ቀለሙ ብዙ ሳይቆይ በውሃ እርጥብ ብሩሽ ሲታሽ ውሃው ስፕሬዩን ያሟሟና የላዩ ቀለም እንደ እውነተኛው ይላጣል። ጥሩ ሠሪ እዚህ ላይ ቶሎ ይቆማል። አገልግሎት ላይ ያለ ታንክ በየጊዜው ይጠገናል፤ ወፍራም ብረቱም በደረቅ አየር ውስጥ በቀላሉ አይዝግም።

ዝገት ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ የሚወለድ ነው። ብረት ከሌለ ዝገት የለም። ኤም 113 የተባለው፣ በእስራኤል ሠራዊት ዜልዳ የሚባለውና የኢትዮጵያ ሠራዊትም የተጠቀመበት ወታደር ማጓጓዣ፣ አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ጎኑ ላይ ቀይ ዝገት የፈሰሰበት ሞዴል ምንም ያህል ቢያምር ስሕተት ነው። የተቃጠለ ታንክ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እሳቱ ቀለሙን አንስቶ ብረቱን ራቁቱን ስለሚያስቀረው በጥቂት ቀን ብርቱካናማ ይሆናል፤ ዓመታት ሲያልፉ ወደ ጥቁር ቡናማ ይወርዳል። በሰሜን ኢትዮጵያ መንገዶች ዳር ከጦርነት የቀሩትን የሶቪየት ታንኮች ያየ ተጓዥ ይህን የዕድሜ ልዩነት ያውቀዋል። ስለዚህ ዝገት በአንድ ጠርሙስ አይሠራም፤ ከሥር ጥቁር ቡናማ፣ በላዩ ቀላ ያለ፣ እዚህም እዚያም ብርቱካናማ ነጠብጣብ ይሆናል።

የእውነተኛ ዝገትን ፈሳሽ መስመር ለመመልከት ጦር ሜዳ መሄድ አያስፈልግም። ኢየሩሳሌም መሃል፣ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚገኝበት በኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ ያሉትን በመሰሉ የድሮ የድንጋይ ቤቶች፣ ብረት ድንጋይ ውስጥ ከተተከለበት ሥር ዝናብ ያወረደው ቡናማ መስመር ይታያል፤ ከላይ ጠቆር ብሎ ይጀምርና እየወረደ እየሳሳ ይጠፋል። ሞዴሉ ላይ እንዲሁ ይሠራል፤ የዘይት ቀለም ነጠብጣብ ከብሎኑ ሥር ይቀመጣል፤ አኳራጅ የነካው ጠፍጣፋ ብሩሽ ወደ ታች ይጎትተዋል። ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፤ ውሃ ወደ ጎን አይፈስም። እንዲህ ያለው ማስተዋል የቆየ ነው፤ የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ ከጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃም ለመንገደኛ በሚሸጡ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ትታወቃለች። ብረት በእሳትና በውሃ እንዴት ቀለም እንደሚለውጥ፣ ጭቃም ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ማስተዋል ለዚህ ማኅበረሰብ አዲስ እውቀት አይደለም።

ቀጭኑ ማጠቢያ የሚባለው ሥራ ቀላልና አስደሳች ነው። ጥቁር ቡናማ ኢናሜል በብዙ አኳራጅ ይቀጥንና በቀጭን ብሩሽ ጫፍ መገጣጠሚያው ላይ ይነካል፤ ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ይሮጣል፤ የብሎኑን ዙሪያ ይከብባል፤ ትርፉ እድፍ ሲደርቅ ይጠረጋል። ይህንንና ጠርዝን በደረቅ ብሩሽ ማንጣትን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ካስፋፉት መካከል ቤልጂጋዊው ፍራንስዋ ፈርሊንደን አንዱ ነው። በኋላ የስፔን ሠሪዎች፣ በተለይም ሚግ ሂሜኔዝ፣ የዱቄት ቀለምንና የተዘጋጁ የእድፍ ቀለሞችን ለሁሉም አደረሱ። የዘይት ቀለም ግን ዛሬም አልተተካም። ከቱቦው ወጥቶ ካርቶን ላይ ለጥቂት ጊዜ ሲቀመጥ ካርቶኑ ዘይቱን ይመጥና ቀለሙ ሳያብረቀርቅ ይደርቃል። ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቡናማ ጥቃቅን ነጥቦች በአንድ ሉህ ላይ ተደርገው በእርጥብ ብሩሽ ሲደባለቁ፣ አንድ የነበረው ቀለም የዓመታት ፀሐይ የበላው ይሆናል።

የማስረጀት ሁሉ ዋና አፈር ነው። ታንክ የትም ቢሄድ የሚረግጠውን መሬት ይዞ ይዞራል፤ ስለዚህ የአፈሩ ቀለም የአገሩ ስም ነው። በኢየሩሳሌም ዙሪያ ያለው ኮረብታ የኖራ ድንጋይ ሲሆን በድንጋዩ መካከል ቀይ አፈር ተኝቷል፤ በዚህ የዞረ ታንክ ሰንሰለቱ ቀይ፣ ጎኑ ደግሞ ነጭ አቧራ የለበሰ ነው። ጎላን የእሳተ ገሞራ ምድር ስለሆነ ድንጋዩ ጥቁር፣ አፈሩ ጥቁር ቡናማ ነው። በኦክቶበር 1973 በዚያ የተዋጉት፣ ሾት የሚባሉት የእስራኤል ሴንቱሪዮን ታንኮች ከአካባቢው የክረምት ዝናብ በፊት ስለነበሩ አቧራ እንጂ ጭቃ አይገባቸውም። ሰሜን ነገቭ ቢጫማ ነው።

ኢትዮጵያ ደግሞ ለብቻዋ አንድ ትምህርት ቤት ናት። የደጋው ዋልካ ሲረጥብ ይጠቁርና ሰንሰለት ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ግራጫ ሆኖ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ሲደርቅ እንኳ ቀይነቱን አይለቅም። ኦጋዴን አሸዋማና ደረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በዚያ ከሶማሊያ ጦር ጋር የተዋጋ የኢትዮጵያ ኤም 41 ወይም ቲ 55 ሲሠራ የጎንደር ጭቃ ቢለጠፍበት የታሪክ ስሕተት ይሆናል። ከዚያ በፊት፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) የራስ እምሩ ጦር በደምበጉና መተላለፊያ የጣልያንን ትናንሽ ታንኮች አሸንፏል። ጦረኞቹ ታንኮቹን ከጎንና ከኋላ ቀርበው ነበር የያዟቸው። እነዚያ ኤል 3 የሚባሉ፣ ሁለት ሰው የሚይዙና 3 ቶን ገደማ የሚመዝኑ ታንኮች በ1 ለ 35 ሲሠሩ 9 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናሉ፤ ብሮንኮ የተባለው ኩባንያ ሞዴላቸውን አውጥቷል። ታኅሣሥ በጋ ነው። ስለዚህ የደምበጉናን ድል በሞዴል ለመሥራት የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ጭቃውን ትቶ የደረቀ ሣርና አቧራ ይጠቀማል። ይህ ድል በሞዴል መታየት የሚገባው ታሪክ ነው።

አፈሩ የሚሠራው በዱቄት ቀለም ነው። ደረቁ ዱቄት በብሩሽ ይነሰነሳል፤ የአኳራጅ ጠብታ ከጎኑ ሲነካ ፈሳሹ ስቦ ያስቀምጠዋል፤ ሲደርቅ ይይዛል። ለወፍራም ጭቃ ዱቄቱ ከጥቂት ጂፕሰም ጋር ይቀላቀላል። አዲስ ጭቃ ጠቆር ያለና የሚያብለጨልጭ፣ አሮጌው የነጣና የደረቀ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ታንክ ላይ ቢገናኙ ሥራው ሕይወት ያገኛል። ጭቃው ከታች ይከብዳል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ፍንጥቅጣቂ ብቻ ይሆናል። ሰንሰለቱ መሬት የሚነካበት ጥርስ ግን ብዙውን ጊዜ የተወለወለ ብረት ነው፤ ለዚህ የእርሳስ ጫፍ ማሸት ይበቃል። ናፍታ መቅጃው ዙሪያ ጥቁር የሚያብረቀርቅ እድፍ፣ በጭስ ማውጫው ላይ ጥላሸት፣ በመንኮራኩሩ መሃል የፈሰሰ ግራሶ ይጨመራል።

የሚረጭ ቀለምና የማቅጠኛ ሽታ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ፣ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ተደርጎ፣ ምድጃና ሻማ ተርቆ መሠራት አለበት፤ በትንሽ አፓርታማ ውስጥ ሕፃናት ካሉም ሥራው በረንዳ ላይ ይሁን። የመጨረሻው የማያብረቀርቅ ቬርኒስ ከዱቄቱ በፊት ይረጫል፤ ከዱቄቱ በኋላ ቢረጭ አቧራው ይረጥብና ይጠፋል። ያለቀው ሞዴል በመስታወት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የቤት አቧራ ለ1 ለ 35 ታንክ በጣም ትልቅ ነው፤ አንዴ ካረፈበትም በጥንቃቄ የተሠራውን አቧራ ሳይነካ ማንሣት አይቻልም።